ሥራ በበዛበት ቤት ልጆችን ንባብ ስለ ማስለመድ

መግቢያ

ንባብ መልካም መሆኑን የሚጠራጠር ሰው በዚህ መጽሔት አንባብያን መካከል ይገኛል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ጥቅሙን በመዘርዘር ጊዜያችሁን አላባክንም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም አባት በመንገድ፣ እናት በፈረቃ፣ ልጆችም በትምህርትና በመላላክ ተይዘው በሚውሉበት ቤት ንባብ በየትኛው በር ሊገባ ይችላል? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብኝ የታናሽ ወንድሜ ሁኔታ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም 3ኛ ክፍል ሲገባ የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፍ አነበበልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳለ ጣቱን ብመለከት፣ አፉ ሦስተኛው መሥመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና በመጀመሪያው ላይ ነበረ። ገጹን በእጄ ሸፍኜ «ቀጥል» አልሁት፤ ሳያቋርጥ ቀጠለ። ለካ ገጹን በሙሉ በቃሉ ይዞት ኖሯል! ከዚያው ገጽ አንዲት ቃል መርጬ በብጣሽ ወረቀት ላይ ለብቻዋ ጽፌ ሳሳየው ግን ወረቀቱን አገላብጦ አየና ዝም አለ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም አንድ ገጽ ሰምቶ በቃሉ የሚይዝ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይችልም። ከእኩዮቹም የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም ነበር። ከ3ኛ ክፍል ተማሪዎችም 20 ከመቶ ያህሉ እንደዚሁ ነበሩ። መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጆች ይዞ እያንዳንዱን በየቀኑ እያስነበበ ሊያዳምጥ ስለማይችል፣ የጐደለው ነገር በቤት መሞላት እንዳለበት ግልጽ ነው። ነገር ግን በየትኛው ቤትና በማን?

የአካባቢው ኑሮ

ቤታችን የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በአቃቂ ቃሊቲ ነው። አቃቂ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት ስለ ነበረ፣ ውኃም በአቅራቢያው ስለሚገኝ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ቀድመው ከተተከሉባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ቃሊቲም የጭነት መኪና መቆሚያ፣ የጉምሩክና የመጋዘን ሰፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ የሚነሣው የከተማ ቀላል ባቡር መሥመር መጨረሻው ቃሊቲ ሆነ። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሰው ስላመጡ የማለዳውና የማታው ሰልፍ በዚያው ልክ ረዝሟል።

እንዲህ ባለ ሰፈር ቤቶች የሚተዳደሩት በፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ሳይሆን በፈረቃ ነው። እናቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ትገባለች። አባቴ የጅቡቲ መሥመር ሾፌር ስለ ሆነ ከቤት የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት አያቴ ናቸው። ከእኔ በታች የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅትና ስለ እርሱ የጀመርሁላችሁ ወንድሜ አሉ። እኔ ቅዳሜና እሑድ፣ ሲቻልም በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን ወደ ቤት እመለሳለሁ። ጎረቤቶቻችንም ከዚህ በብዙ የማይለይ ኑሮ ይኖራሉ።

በደወል የተደረገ ሙከራ

የተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማታ ማታ ከራት በኋላ ደወል እየተደወለ ሁላችንም ለአንድ ሰዓት የምናነብበት ልማድ ነበረው። ንባብን የለመድሁት በዚያ ደወል ነው። ስለዚህ ለወንድሜ መድኃኒቱን ያገኘሁ መሰለኝ። በካርቶን ላይ የጊዜ ሰሌዳ ጽፌ፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ንባብ» ብዬ በምስማር ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ። እኅቴንም ተቆጣጣሪ አደረግኋት።

ሰሌዳው የቆየው ስምንት ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ የጠዋት ፈረቃ ላይ ስለ ነበረች በ2 ሰዓት ለመተኛት ትሰናዳለች፤ መብራትም ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት የከሰዓት ፈረቃ ስትገባ እኅቴ በዚያው ሰዓት ወጥ ትሠራለች። ወንድሜ ለብቻው ከመጽሐፉ ፊት ይቀመጥና በቃሉ የያዘውን ገጽ ደግሞ ደጋግሞ ብሎ «ጨረስሁ» ይላል። በዘጠነኛው ቀን ካርቶኑ ወርዶ ምጣድ ማቀጣጠያ ሆኖ አገኘሁት። ማንም አልተቃወመኝም፤ ካርቶን ያስፈልግ ስለ ነበረ ብቻ ነው።

በዚህ ውድቀት አንድ ነገር ተማርሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ደወል የሚሠራበት ምክንያት ምግቡን የሚያበስል፣ ውኃውን የሚቀዳና መብራቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስላለ ነው። በሠራተኛ ቤት ግን ሰዓቱ የፋብሪካው እንጂ የቤተ ሰቡ አይደለም። በየሳምንቱ በሚለዋወጥ ሰዓት ላይ የተተከለ ልማድ ሥር ሊሰድድ አይችልም። እንግዲህ ፈረቃው ቢለዋወጥም የማይለወጥ ነገር በቤት ውስጥ መፈለግ ነበረብኝ።

በአቦልና በቶና መካከል

የማይለወጠው ነገር ቡና ሆኖ ተገኘ። እናቴ ብትኖርም ባትኖርም፣ ቢደላም ባይደላም፣ አያቴ ወንድሜ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት ጊዜ ቡና ያፈላሉ። አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ውኃ ተጨምሮበት ለቶና እስኪፈላ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ማንም ከቡናው አጠገብ አይነሣም። የሚደረገው ነገር መጠበቅና መጫወት ብቻ ነው።

ወንድሜም ከሸክላው ጀበና ራቅ ብሎ ተቀምጦ በዚያ መካከል እንዲያነብ ተደረገ። መጀመሪያ ያነበበው ከአምስት መሥመር አይበልጥም። ቶናው ሲቀዳ ንባቡ ይቆማል፤ ይህም ደንብ ሆነ። ቶናው ቶሎ ከፈላ ዕድለኛ ነው፤ ከዘገየ ይጨምራል። አንድ ቀን ታሪኩ ልብ ከሚሰቅል ቦታ ላይ ደርሶ ሳለ ጀበናው ገነፈለ። ያን ጊዜ «በረካ እስኪደርስ ልቀጥል?» ብሎ የለመነው እርሱ ራሱ ነው።

እጅ ሥራ ሲይዝ ጆሮ ግን ነጻ መሆኑን ሌሎች ሠራተኞችም ከብዙ ዘመን በፊት ተረድተውታል። በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በሲጋራ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኞቹ የትምባሆ ቅጠል ሲጠቀልሉ አንድ አንባቢ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር። ደመወዙን የሚከፍሉት ከገንዘባቸው እያዋጡ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ፊደል ያልቈጠረው ሠራተኛም በዚህ መንገድ ታላላቅ መጻሕፍትን ለመስማት በቅቷል።

በሀገራችንም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው ያወቀው በዐይኑ አንብቦ ሳይሆን፣ በደርግ ዘመን ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። አያቴ ያን ትረካ ሽሮ እየለቀሙ ይሰሙ እንደ ነበረ ይናገራሉ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ የሠፈር ልጆች ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ተሰብስበው ይሰሟቸው ነበር። እንግዲህ ሰብሰብ ብሎ ታሪክ መስማት ቀድሞም ያለን ልማድ ነው። የሚቀረው ታሪኩን ከወረቀት ላይ የሚያነሣው የቤቱ ልጅ እንዲሆን ማድረግ ብቻ ነው።

ያልተማረ ጆሮ ስለሚያስተምረው ነገር

ብዙ ወላጆች «እኔ ራሴ ሳላውቅ እንዴት ላስተምር?» ሲሉ እሰማለሁ። እናቴም እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ስለ ተማረች ይህንኑ ትል ነበር። የአማርኛን የጽሕፈት ጠባይ በመጠኑ የመረመረ ሰው ግን ይህ ፍርሃት ከግማሽ በላይ መሠረት የሌለው መሆኑን ይረዳል።

ፊደላችን 33 ዋና ፊደሎች በሰባት በሰባት ቤት ተዘርግተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። እነዚህን ሁሉ ዐይን ሳይደክም መለየት አለበት። ይህን ልጁ በልምምድ ያገኘዋል። ነገር ግን ፊደሎቹ ሁሉ ቢታወቁም በወረቀቱ ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቀዳሚ ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ሳድሱም ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ይኖረዋል፤ አንዳንድ ጊዜ አይኖረውም። አንባቢው የትኛው መሆኑን የሚያውቀው ከፊደሉ ሳይሆን ከቋንቋው ነው። ቋንቋውን ደግሞ አያቴ ከእኔም ከመምህሩም ይልቅ ያውቁታል።

አንድ ቀን ወንድሜ «ልጁ ኳሱን ይመታል» የሚለውን ሲያነብ የመጨረሻውን ቃል አጥብቆ አነበበው። አያቴ ከረከቦቱ ቀና ብለው፣

«ቆይ ልጄ፤ ኳሱ ነው የሚመታው ወይስ ልጁ?» አሉት።

«ልጁ ነው እንጂ የሚመታው።»

«እንግዲያው ልጁን አታስመታው። እንደ ገና በለው።»

ሁላችንም ሳቅን። እርሱም መሥመሩን ወደ ኋላ ተመልሶ አላልቶ አነበበው። በዚያች ደቂቃ የተደረገው ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ነገር ትርጕም ያለው መሆኑን፣ ትርጕሙ ካልገጠመም ተመልሶ መመርመር እንደሚገባ ተረዳ። ይህን ያስተማሩት ደግሞ በዚያን ጊዜ ገጹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችሉ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ወላጅ ማንበብ ባይችልም የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ፣ ልጁ ሲያነብ ሌላ ወሬ ሳያነሣ ማዳመጥ ነው። ሁለተኛ፣ ለጆሮ የማይጥም ቃል ሲሰማ «እንደ ገና በለው» ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ንባቡ ሲያልቅ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ልጁ ታሪኩን በራሱ ቃል እንዲናገር መጠየቅ ነው። ከእነዚህ አንዱም ገንዘብ ወይም ፊደል ማወቅን አይጠይቅም።

በቃል መያዝንና ማንበብን ስለ መለየት

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የሚረዳው ግን ልጁ በእውነት የሚያነብ ሲሆን ነው። በቃሉ የሚል ልጅ የአዳማጩን ጆሮ ያታልላል። ለዚህ የጥንት መምህራን መላ አበጅተዋል።

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ አስቀድሞ ፊደልን ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ በተራ ይማራል። በተራ የሚባል ነገር ግን እንደ ዜማ በአፍ ስለሚለመድ፣ ልጁ ፊደሉን ሳያየው ሊዘልቀው ይችላል። ስለዚህ ቀጥሎ «አቡጊዳ» የሚባለውን ይማራል። በዚህ ገበታ ፊደሎቹም ቤቶቻቸውም ተዘበራርቀው «አ ቡ ጊ ዳ» እየተባሉ ስለሚሄዱ፣ የቀድሞው ዜማ ለአፉ አይረዳውም፤ ዐይኑን መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ከዚያም በኋላ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ሲሻገር እያንዳንዱን ፊደል በእንጨት እየነካ ይቈጥራል። በዘመናችን «ይህ የቃል ጥናት ብቻ ነው» ተብሎ የሚነቀፈው ትምህርት፣ በቃል ማጥናት የሚያመጣውን ስሕተት አስቀድሞ አውቆ መከላከያ ማዘጋጀቱ ሊደነቅ ይገባዋል።

እኛም በቤታችን ይህንኑ በሌላ መልክ ሠራንበት። እኅቴ ከዕለቱ ንባብ አምስት ቃላት መርጣ በብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፈች በባዶ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ወንድሜ ሲኒ በሚታጠብበት ጊዜ እጁን ሰድዶ አንዱን አውጥቶ ያነባል። ካወቀው ወረቀቱ ይወጣል፤ ካላወቀው ተመልሶ ይገባል። ቆርቆሮው ባዶ የሚሆንበትን ቀን ሲጠባበቅ፣ እኅቴ ደግሞ ይበልጥ የሚያስቸግሩትን ቃላት እየመረጠች ስትጨምርበት ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል። ጠቡ ግን ስለ ቃላት ስለ ሆነ ማንም አልገላገላቸውም።

የአያቴ ምስክር ወረቀት

አሁን የጕዳዩን ክብደት ወደሚያሳየው ነገር እመጣለሁ። አንድ ቀን አያቴ ከሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ወረቀቱ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ነበረ።

እንደሚታወቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በኋላም ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ተማሪዎችና መምህራን ዘምተው አዋቂዎችን ፊደል አስቈጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። አያቴ በዚያን ዘመን ወጣት እናት ነበሩ። ማታ ማታ ሕፃን አዝለው ቀበሌ ሄደው ተማሩ፤ ፈተናውንም አለፉ።

ነገር ግን ወረቀቱን ሲያሳዩኝ በላዩ ላይ ከራሳቸው ስም በቀር የተጻፈውን ማንበብ አልቻሉም። «ምን ሆኖ ጠፋዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣

«ዘመድም ካልጠየቁት ይረሳል፤ ልጆች ማሳደግ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ምን አነበብሁና!» አሉኝ።

ይህ የአያቴ ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያ ዘመቻ ፊደል ከቈጠሩት መካከል ብዙዎቹ የሚያነቡት በማጣት ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመልሰዋል። ለክትትል ትምህርት ተብሎ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ መጻሕፍትም ታትመው ነበር። ነገር ግን ንባቡ ወደ ቤት፣ ማለትም ወደ ምጣዱና ወደ ጀበናው አጠገብ ካልደረሰ፣ የቤት እመቤት ወደ ንባብ ክፍል ለመሄድ ጊዜ ከየት ታገኛለች? እኔ ያስደነገጠኝ የወንድሜና የአያቴ ነገር አንድ መሆኑ ነው። እርሱ ገና ያልያዘው፣ እርሳቸው ደግሞ ይዘው የለቀቁት ነገር አንድ ነው። ሁለቱም ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱም ያጡት በቤት ውስጥ የሚነበብበት ቦታ ነው። ለወንድሜ ካልተደረሰለት ከብዙ ዓመት በኋላ እርሱም ከሳጥን ውስጥ ማንበብ የማይችለውን ምስክር ወረቀት የሚያወጣ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

በጎረቤታችን ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የዚያ ቤት አያት በዚያው ዘመቻ የተማሩት በኦሮምኛ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ይጻፋል። የልጅ ልጃቸው የሚማረው በዚሁ በቁቤ ነው። ስለዚህ አያትና ልጅ አንድ ቋንቋ ቢናገሩም አንድ ገጽ ማንበብ አይችሉም። ሆኖም ልጁ ሲያነብ አያቱ ይሰማሉ፤ ቃሉንም ያርማሉ። በቁቤ መጥበቁና መርዘሙ ተለይቶ ስለሚጻፍ፣ ልጁ አሳስቶ ሲያነብ የሽማግሌው ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ፊደል ቢለያያቸውም ጆሮ አገናኝቷቸዋል። ከዚህም የምንረዳው ልጅ በቤቱ በሚነገረው ቋንቋ ሲያነብ ቤቱ ሁሉ መምህር ሊሆነው መቻሉን ነው።

የሚነበብ ነገር ከየት ይገኛል?

የመጽሐፍ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማነሱ አስጨንቋቸው ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጐተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በ4 ኪሎ ታላቁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቋል። እነዚህ የሚያስደስቱ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ከአቃቂ 4 ኪሎ ድረስ ልጅ ይዞ ሄዶ መመለስ ለፈረቃ ሠራተኛ የዕረፍት ቀኗን በሙሉ ይወስዳል።

ስለዚህ በእጅ ካለው መጀመር ይሻላል። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አለ፤ የግድግዳው የቀን መቍጠሪያ አለ። ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ አለ፤ የመድኃኒት ወረቀት አለ። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ያለፈባቸውን ከተሞች ስም በወረቀት ጽፎ እንዲያመጣ ወንድሜ አዝዞታል፤ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ እያለ ያነባል። ስሞቹ በቃሉ የሚያውቃቸው ስላልሆኑ ለእውነተኛ ንባብ የሚመቹ ሆነው ተገኝተዋል። አባቴም በሩቅ ሆኖ በቤቱ ንባብ ውስጥ ድርሻ አገኘ። በስልክ የሚገኘውም ጽሑፍ ቢሆን፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦት ሌላው የሚሰማው ከሆነ አይናቅም። የሚጐዳው ስልክ እያንዳንዱን በየጥጉ ሲያስቀምጥ ነው።

ያልተሳካው

ይህ መንገድ ሁልጊዜ የሚሳካ እንዳልሆነ መግለጽ ይገባኛል። እናቴ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣች ቀን ተቀምጣ ሳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። እንግዳ ሲበዛ ወንድሜ አፍሮ አያነብም። ቡና ሲወደድ አያቴ በየቀኑ ማፍላቱን ትተው አንድ ቀን እየዘለሉ ማፍላት ጀመሩ፤ ንባቡም አብሮ ዘለለ። በየቤቱ ያለውም ልማድ አንድ አይደለም። ቡና በማይፈላበት ቤት እንጀራ የሚጋገርበት፣ ፀጉር የሚሠራበት ወይም ባልዲ ተሰልፎ ውኃ የሚጠበቅበት ጊዜ ሊመረጥ ይችላል። ዋናው ነገር ንባቡ አዲስ ሰዓት ሳይጠይቅ ቀድሞ ባለ ነገር ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው የአንድ ቤትና የጥቂት ጎረቤቶች ነገር ስለ ሆነ ለሀገር ሁሉ ሕግ ነው አልልም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ያሳየ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ጊዜ የለውም በሚባለው ቤት ውስጥ የሚጠፋው ጊዜው ሳይሆን የማይነቃነቅ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ የተማረ ሰው የለበትም በሚባለው ቤት ውስጥ የቋንቋ ሊቅ ብዙ ጊዜ ከረከቦቱ ጀርባ ተቀምጦ ይገኛል። እኛ የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ቤታችን ስንመለስ የጊዜ ሰሌዳ ከመስቀላችን በፊት ቤቱ ምን እንዳለው ብንመለከት የተሻለ ነው።

ወንድሜ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ነው። የ3ኛውን ክፍል መጽሐፍ በሚያዝያ ጨርሶታል፤ ጣቱም ከአፉ ጋር እኩል ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ከግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ፊት ቆመው፣ በ12ኛው ቀን ላይ የተጻፈውን «ሚካኤል» ብለው ሲያነቡ ሰማኋቸው። ወንድሜ ከኋላቸው ሆኖ፣

«እማማ፣ በቃልዎ ነው!» አላቸው።

«12 ሚካኤል መሆኑን ማን ያጣዋል፤ እውነትህን ነው» አሉና ሳቁ።

እርሱም ወደ ስኳሩ ቆርቆሮ ሄዶ እጁን ሰደደና አንድ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። አያቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «ጀ» አሉ፤ ቆዩ። «በ» አሉ። ከዚያም የመጨረሻውን ፊደል ሳይጠሩ ቃሉን በሙሉ ተናግረው ወደ ምድጃው ዞረው አዩ። ወረቀቱም ከቆርቆሮው ወጣ።